ኮድ አልጽፍም፤ ቡድኑ ይቀበለኛል?

«የጦሳዋ ነኝ» ብላ ከደሴ የጻፈችልን አንባቢ ደብዳቤዋ ረዘም ይላል። ዋናውን ሐሳብ እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተምሬ አሁን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እንጽፋለን። የራሴ ላፕቶፕ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ሲከብደው በምትኩ ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ሥርዓት ጫንኩበትና ወደድኩት። አሁን የኡቡንቱን ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የሚያጣራውን የትሪያጅ ቡድን ለመቀላቀል ማመልከት እፈልጋለሁ። ግን ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ከጻፍኩት ውጪ ኮድ ጽፌ አላውቅም። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ መጻፍ ላይ ግን ደካማ ነኝ። መብራቱንና ኔትወርኩን እርስዎም ያውቁታል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አምና አንድ ባግ ሪፖርት አድርጌ ነበር። አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አልገባኝምና ዝም አልኩ። 'ያልተሟላ' የሚል ምልክት ተደረገበት። ቆይቶ ተዘጋ። አፈርኩ። አሁን እነዚያው ሰዎች ዘንድ ሄጄ ተቀበሉኝ ልበል? ወንድሜ ደግሞ 'ፈረንጅ በነጻ ሊያሠራሽ ነው፤ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ' ይለኛል። ምን ይመክሩኛል? ማመልከቻው ላይስ ምን ልጻፍ?»

እህቴ የጦሳዋ፣ አብሽሪ። የጠየቅሽኝ ብዙ ነው። እኔ ግን ያፈርሽበትን ላስቀድም።

ኡቡንቱ ባጎቹን የሚመዘግበው ላውንችፓድ በሚባል ሥርዓት ላይ ነው። አንድ ሪፖርት መረጃ ሲጎድለው፣ ያየው ሰው ጥያቄ ጽፎ «ኢንኮምፕሊት» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ያልተሟላ ማለት ነው። ከዚያ 60 ቀን ማንም ምንም ካልጻፈበት ሥርዓቱ ራሱ ይዘጋዋል። የዘጋብሽ ሰው አይደለም። «ይቺ ልጅ አትረባም» ብሎ የፈረደብሽም የለም። ያንቺን ስም አስታውሶ የሚጠብቅሽ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። መልሱን ጽፈሽ ምልክቱን ወደ «ኒው» (አዲስ) ብትመልሺው ሪፖርቱ እንደገና ይነሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ እሱ ይሁን። ሪፖርትሽን ክፈቺው። ችግሩ ዛሬም አለ? አሁን ድጋፍ ባለው የኡቡንቱ ዕትም ላይ ሞክሪው። ካለ፣ የተጠየቅሽውን መልሺና አስነሺው። ከጠፋ ደግሞ «በዚህ ዕትም ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አሁን ይሠራል» ብለሽ ጻፊበት። ሁለቱም የትሪያጅ ሥራ ነው።

ምን እንደጠየቁሽ አልነገርሽኝም። መገመት ግን አይከብድም። ብዙ ጊዜ «ሎጉን ላክ»፣ «ይህን ትዕዛዝ አሂድ» ይባላል፣ እንዴት እንደሚደረግ ግን አይነገርም። ጠያቂው «ተርሚናል ክፈቺ፣ ይህን መስመር ጻፊ፣ የሚወጣውን ገልብጠሽ እዚህ ለጥፊ» ብሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር መልስ ትሰጪ ነበር። ሪፖርቱም አይዘጋም ነበር። አንቺ ነገ ሌላ ሰው ስትጠይቂ እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ትጨምሪያለሽ። ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ ያፈረ ሰው ይህን አይረሳም። እውነቴን ነው፣ እኔ የቡድኑ አባል ብሆን ከማመልከቻሽ ውስጥ በጉጉት የማነበው ይህን ነበር።

አሁን ወደ ኮዱ ጉዳይ። ሰው ባግ ሲባል ቶሎ የሚታየው ኮድ ነው። ትሪያጅ ግን ከኮዱ በፊት ያለው ሥራ ነው። አንድ ሰው ከሆነ አገር «ፕሪንተሬ አልሠራ አለ» ብሎ ይጽፋል። የትኛው ፕሪንተር? በየትኛው የኡቡንቱ ዕትም? ትናንት ይሠራ ነበር ወይስ ከጅምሩ እምቢ አለ? ከአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ወይስ ከሁሉም? ይህን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ራሱ የሚሞክር፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ጽፎት እንደሆነ የሚፈልግ፣ በትክክለኛው ፕሮግራም ሥር አስቀምጦ ለጠጋኙ የሚያስረክብ ሰው። ጠጋኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ሪፖርቱ ብዙ ነው። መሃል ላይ ያ ሰው ከሌለ ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ ሲጠይቅ ይውላል እንጂ አይጠግንም።

ይህን ሥራ አንቺ በየቀኑ ትሠሪዋለሽ። ከኩታበር ወይም ከተሁለደሬ አንድ አባት መጥተው «ልጄ፣ መሬቴን ወሰዱብኝ፣ ጻፊልኝ» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትጽፊም። መቼ ነው? ማን ነው? ቀበሌው ምን አለ? ወረቀት አለዎት? ከዚህ በፊት ከስሰው ነበር? ትያለሽ። ብሶታቸውን ትሰሚና ዳኛው የሚፈልገውን ፍሬ ነገር ለይተሽ ታወጪያለሽ። አይቆጡሽም፣ አክብረሽ ነዋ የጠየቅሻቸው። የባግ ሪፖርትም እንደዚሁ ነው። ተናዶ የጻፈ ሰው አለ፣ ግራ ገብቶት የጻፈ አለ፣ ሦስት ችግር በአንድ ላይ ያጎረ አለ። አንቺ ፍሬውን ታወጪዋለሽ።

ቡድኑን በተመለከተ አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። በኡቡንቱ ዘንድ ሁለት ናቸው። ባግ ስኳድ የሚባለው ለማንም ክፍት ነው። ማመልከቻ የሚጠይቀው ባግ ኮንትሮል የሚባለው ነው። ልዩነቱ ሥልጣን ነው። ላውንችፓድ ላይ አካውንት ያለው ማንም ሰው አስተያየት ይጽፋል፣ ተደጋጋሚ ሪፖርቶችን ያገናኛል፣ ወደ ትክክለኛው ፕሮግራም ያዛውራል፣ «ኢንኮምፕሊት» ወይም «ኮንፈርምድ» (ተረጋግጧል) ብሎ ምልክት ያደርጋል። የባግ ኮንትሮል አባል ግን ከዚህ ሌላ የባጉን ክብደት ይወስናል፣ «ትሪያጅድ» (ተጣርቷል) እና «ዎንት ፊክስ» (አይጠገንም) የሚሉትን ምልክቶች ይሰጣል፣ ለሕዝብ ያልተከፈቱ ሪፖርቶችንም ያያል። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ ነገ ጠዋት ማንንም ሳታስፈቅጂ መጀመር ትችያለሽ። «መጀመሪያ ይቀበሉኝ፣ ከዚያ እሠራለሁ» ካልሽ ግን ማመልከቻው ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚጠይቁሽ የሠራሽውን ነው።

የሚጠይቁሽም ይህን ነው። ሪፖርት ለሚያደርጉ ሰዎች፣ እነሱ ባያከብሩሽም እንኳ፣ ጨዋ ለመሆን ቃል ትገቢያለሽ። የኡቡንቱን የሥነ ምግባር ደንብ ላውንችፓድ ላይ ትፈርሚያለሽ። ፊርማው በጂፒጂ ቁልፍ ነው፤ ፈራሚዋ አንቺ መሆንሽን የሚያረጋግጥ የኮምፒውተር ፋይል ነው። ቁልፉን ስትፈጥሪ ቅጂውን በፍላሽ አስቀምጪ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አይታመንም። ስለ ትሪያጅ የተጻፉትን መመሪያዎች ማንበብሽን ይጠይቁሻል። አንብቢያቸው፤ ደረቅ ናቸው ግን አጭር ናቸው። የትኛው ፕሮግራም ላይ ማተኮር እንደምትፈልጊ ይጠይቁሻል። በመጨረሻም ያጣራሻቸውን አምስት ወይም ከዚያ በላይ ባጎች ዘርዝረሽ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንዳደረግሽና ለምን እንዳደረግሽው ትጽፊያለሽ። ምን ክብደት ትሰጪው እንደነበርም ታስረጃለሽ። ማመልከቻው የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

አምስቱን ባጎች ከሱቅሽ አውጪያቸው። ይህን ስል ቀልዴን አይደለም። ስለ ሰርቨርና ስለ ኔትወርክ ካርድ የሚያጣራ ሰው ሞልቷል። አማርኛ ጽሑፍ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራና ኡቡንቱ የሚጠቀም ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም። አንቺ በየቀኑ የምታያቸውን ሦስት ነገሮች ላንሳ።

የመጀመሪያው፣ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ሰነድ ሲከፈት በአማርኛ ፋንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። አይተሽዋል። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች (ፎንቶች) የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፊደሎች በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዙን ቅርጽ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው ሲጽፍባቸው ኖሯል። ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ይህ የሊብሬኦፊስ፣ የኡቡንቱው የሰነድ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ባግ ነው? አይደለም። ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠው በእርግጥም ላቲን ነው። እንዲህ ያለ ሪፖርት ብታገኚ መልሱ «ኢንቫሊድ» ነው፤ ባግ አይደለም ማለት ነው። ግን «ኢንቫሊድ» ብለሽ ብቻ ብትሄጂ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው አንቺ አምና የተሰማሽ ይሰማዋል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ በሦስት መስመር አስረጂው። ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ እንዳለበት ንገሪው።

ሁለተኛው፣ አማርኛውን ደማቅ ስታደርጊው ፊደሉ ይወፍርና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ፊደሉ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ከሆነ ምክንያቱ ይታወቃል። አቢሲኒካ የተሠራው በመደበኛ ውፍረት ብቻ ነው። ደማቅ ሲባል ፕሮግራሙ ራሱ አስመስሎ ያወፍረዋል። እንግዲህ ይህ የሊብሬኦፊስ ጥፋት ነው ወይስ የፊደሉ ጉድለት? እኔ የፊደሉ ነው እላለሁ፤ ፊደሉን በያዘው ጥቅል (ኡቡንቱ ላይ በሚጫነው የፊደሉ ፋይል) ሥር «ቢጨመር» ተብሎ መቀመጥ ያለበት ጥያቄ ነው። አንቺ ሌላ ብትይ ግን አይከፋኝም፣ ምክንያትሽን እስከ ጻፍሽ ድረስ። ቡድኑም የሚፈልገው ምክንያትሽን ነው። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው እስከዚያው በኖቶ ኢትዮፒክ ፊደል እንዲጠቀም ምከሪው፤ እሱ ደማቅ ዓይነት አለው።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሐይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ ላይም ያው ነው። የሁለት መቶ ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ ስታርሚ ይህ ምን ያህል እንደሚያናድድ ታውቂዋለሽ። ግን ባግ ነው? ፕሮግራሙ የተባለውን ፊደል በትክክል ፈልጓል። የእኛን የአጻጻፍ ልማድ አላወቀም እንጂ። ስለዚህ «ዊሽሊስት» ነው፤ ምኞት ነው፣ አዲስ ነገር እንዲጨመር መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደት ላይ ነውና። የኡቡንቱ መመዘኛ በዋናነት ሁለት ነገር ያያል፤ ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ስንቱን ተጠቃሚ ይነካል። «ክሪቲካል» የሚባለው ብዙ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ነው። «ሃይ» ጥቂቶችን ክፉኛ የሚጎዳ ወይም ብዙዎችን በመጠኑ የሚያስቸግር ነው። አብዛኛው ባግ «ሚዲየም» ነው። በቀላሉ ዞር ብለው የሚያልፉት ወይም የመልክ ጉዳይ የሆነው «ሎው» ነው። እኛ የአማርኛ ተጠቃሚዎች የራሳችን ቋንቋ ሲበላሽ ሁሉንም «ክሪቲካል» ማለት ያምረናል። ስሜቱ ይገባኛል። ይሁንና ደንበኛሽ የጻፈው ሰነድ ሲቀመጥ ግማሹ ከጠፋ፣ እሱ ከባድ ነው። ፊደሉ ሲደምቅ ካላማረ፣ እሱ ቀላል ነው። ይህን ልዩነት ማመልከቻሽ ላይ ካሳየሽ «የራሷን ጉዳይ እንኳ በሚዛን ታያለች» ይሉሻል። አንድ ነገር ግን አትፍሪ፤ አንድ ባግ አማርኛ መጻፍን ጭራሽ የሚከለክል ከሆነ «ተጠቃሚው ጥቂት ነው» ተብሎ ወደ ታች እንዲወርድ አትፍቀጂ። ለእነዚያ ጥቂቶች ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ብለሽ ጻፊ። መመዘኛው ራሱ ለዚህ ቦታ አለው።

ከአምስቱ ውስጥ የራስሽ ሪፖርት አንድ ቢሆን ነው፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ሌሎቹ የሌላ ሰው ይሁኑ። የራስሽን ሪፖርት ራስሽ «ኮንፈርምድ» አታድርጊ፤ ምልክቱ ሌላ ሰውም አይቶታል ማለት ነው። ዓይነታቸውም ይለያይ። አንዱ መረጃ ጠይቀሽ ያሟላሽው፣ አንዱ ከሌላ ጋር ተደጋጋሚ መሆኑን ያገኘሽው፣ አንዱ ወደ ዋናው ባለቤት ያስተላለፍሽው ቢሆን ጥሩ ነው። የሊብሬኦፊስ ባግ ለምሳሌ ኡቡንቱ ላይ ቢመዘገብም የሚጠገነው ሊብሬኦፊስን በሚያዘጋጁት ዘንድ ነው። እነሱ ባግዚላ የሚባል የራሳቸው የባግ መዝገብ አላቸው። እዚያ ፈልጊ፣ ከሌለ መዝግቢ፣ ሁለቱን አገናኚ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ይወደዳል።

አሁን ደግሞ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። የደንበኛሽን ሰነድ ባግ ላይ አታያይዢ። ለሙከራ ከፈለግሽው ያው ችግር የሚታይበት ሌላ ሰነድ በተፈጠረ ጽሑፍ ሥሪ። የስክሪን ፎቶም ስታነሺ ከጀርባ የማን ውል ተከፍቶ እንዳለ እዪ። ማመልከቻው ላይ ስለዚህ ጥያቄ አለ። ፕሮግራም ሲወድቅ አፖርት የሚባለው መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ የተቀዳ መረጃ ይልካል። እዚያ ውስጥ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የሰው ስም ያለበት የፋይል ስም ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች መጀመሪያ ለሕዝብ የማይከፈቱት። የባግ ኮንትሮል አባል አይቶ፣ አጽድቶ ነው የሚከፍታቸው። «ለሕዝብ ከመክፈትሽ በፊት ምን ምን ዓይነት ምሥጢር መኖሩን ታጣሪያለሽ?» ሲሉሽ መመሪያው ላይ ያለውን ብቻ ገልብጠሽ አትመልሺ። የሰው ምሥጢር በእጅሽ የሚያልፍ ሠራተኛ ነሽ፤ ከሥራሽ ተነስተሽ መልሺ።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ አታስቢ። ባግ ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛ አጭር ነው። ምን አደረግኩ፣ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ። ሦስት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የኡቡንቱው ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ቁጥር። ያጌጠ ቋንቋ እንዲያውም ያሳስታል። ባግ ስኳድ የተዘጋጁ የመልስ ናሙናዎች አሉት፤ ከእነሱ ተነሺ፣ ግን እንዳሉ አትለጥፊያቸው። ሪፖርቱን በእርግጥ ማንበብሽን የሚያሳይ አንድ መስመር ከራስሽ ጨምሪ። ማመልከቻውንም ሆነ መልሱን ቻትቦት አይጻፍልሽ። ሰዋስው ቢያርምልሽ ግድ የለኝም። ግን ያልሞከርሽውን «ሞክሬዋለሁ» ብሎ ቢጽፍልሽ ስምሽ ይበላሻል። በማሽን ተጽፎ የሚመጣ ባዶ ሪፖርት አሁን የብዙ ፕሮጀክት ራስ ምታት ሆኗል። ከርል የሚባለውን ፕሮግራም የሚመራው ዳንኤል ስቴንበርግ በዚህ በአደባባይ ደጋግሞ አማሯል። የተሰበረ ግን የራስሽ የሆነ እንግሊዝኛ ከዚያ በብዙ ይሻላል።

መብራትና ኔትወርክ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ሰዓት የለውም፤ ማታም ሌሊትም ይሠራል። ላውንችፓድ ደግሞ በኢሜይል ይሠራል። አንድ ባግ ስትከታተዪ የተጻፈው ሁሉ በኢሜይል ይመጣልሻል፤ ለኢሜይሉ የምትመልሺው ባጉ ላይ አስተያየት ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲኖር ታወርጃለሽ፣ በሌለበት ታነቢያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ሲመለስ ትልኪያለሽ። የሚከብደው አዲሱን ዕትም ማውረድ ነው። ለምሳሌ 24.04 የሚባለው ዕትም የዴስክቶፕ ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ አትሞክሪው፣ ገንዘብሽን ይበላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሚሠራ ወዳጅ ካለሽ አንዴ አስወርደሽ ፍላሽ ላይ አድርጊው። ሳትጭኚው ከፍላሹ አስነስተሽ መሞከር ትችያለሽ። የሙከራ ዕትሞችን የምትከታተዪ ከሆነ ደግሞ ዚሲንክ የሚባለውን መሣሪያ ልመጂ፤ ከአሮጌው ፋይል የተለየውን ክፍል ብቻ ያወርዳል።

ዕትሞቹ ቁጥራቸው ዓመትና ወር ነው። 24.04 እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ የወጣ ማለት ነው። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው በየሁለት ዓመቱ ይወጣሉ፣ 5 ዓመት ይደገፋሉ። በመሃል የሚወጡት 9 ወር ብቻ ይደገፋሉ። አንድ ሰው ድጋፉ ባለቀ ዕትም ላይ ያየውን ባግ ሲጽፍ መጀመሪያ የምትጠይቂው በአዲሱ ላይ ይታይ እንደሆነ ነው። አንቺ ራስሽ ብትሞክሪለት ደግሞ የበለጠ ነው። ሁሉም ሰው ሁለተኛ ኮምፒውተር የለውም።

ወንድምሽ። የሱን ጥያቄ አትናቂ። ኡቡንቱን የሚያወጣው ካኖኒካል የሚባል ኩባንያ ነው። ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ የሆነው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው ነው። ኩባንያው ለድርጅቶች ድጋፍ ሸጦ ገንዘብ ያገኛል። አንቺ ለትሪያጅ ሥራ አይከፈልሽም። ይህን ለወንድምሽ በግልጽ ንገሪው፣ አታድበስብሺ። ኩባንያ የማይመራው ነገር ከመረጥሽ ደግሞ ሊብሬኦፊስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ነው የያዘው፤ የጥራት ቡድኑም በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል። በእውነቱ ያንቺን ሥራ ሳየው እዚያ ብትጀምሪ ይሻልሻል እላለሁ። የምትውዪው በሰነድ ነውና።

ምን ታገኛለሽ ለሚለው፣ የምትሠሪው ሁሉ በስምሽ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ሥራ ስትፈልጊ «እችላለሁ» ከማለት ይልቅ «ይኸው» ብለሽ ታሳያለሽ። አውትሪቺ የሚባል ፕሮግራም አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዘርፉ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎችን ለ3 ወር ከቤታቸው ሆነው በክፍት ምንጭ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ) ፕሮጀክቶች ላይ ያሠራል። ክፍያው 7,000 ዶላር ነው። ለመግባት የሚጠየቀው በመረጥሽው ፕሮጀክት ላይ አስቀድሞ ሥራ ማሳየት ነው። ትሪያጅ የሠራ ሰው ይህን ለመጀመር አይቸገርም። ቃል ግን አልገባልሽም፣ ውድድሩ ከባድ ነው። ሌላው ቢቀር ሱቅሽ ይጠቀማል። የሰው ሰነድ ለምን እንደተበላሸ ማስረዳት የሚችል ጽሕፈት ቤት ደንበኛ አይሸሸውም።

ገደብ ግን አበጂለት። በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል። ሁሉንም ሪፖርት ላጽዳ ብለሽ አትነሺ፤ አያልቅም። ብዙ ጥሩ ሰው በዚህ ተቃጥሎ ወጥቷል። አንድ ፕሮግራም ያዢ፣ እሱን ብቻ እወቂው።

የማመልከቻው ጽሑፍ አጭር ይሁን። ማን እንደሆንሽ በሁለት መስመር። ኮድ እንደማትጽፊ ሳትደብቂ። በአማርኛ ሰነድ ላይ እንደምትሠሪና ለዚያ ትኩረት እንደምትሰጪ። ከዚያ አምስቱ ባጎች፣ እያንዳንዳቸው ከነቁጥራቸውና ከነምክንያታቸው። ልመና አያስፈልግም፣ «ዕድሉ ቢሰጠኝ» ማለትም አያስፈልግም። የተዘጋውን ሪፖርትሽንም ጻፊበት፤ ምን እንደጎደለው፣ ተመልሰሽ እንዴት እንዳሟላሽው። አትዝለዪው።

ከላክሽ በኋላ የቡድኑ ነባር አባላት ባጎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ያያሉ። አንዱን ክብደት «እኔ ቢሆን ሌላ እሰጠው ነበር» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህ መውደቅ አይደለም፤ ተከራከሪ ወይም ተቀበዪ፣ በጨዋ ቋንቋ። መልስ ከዘገየ ሁለት ሳምንት ጠብቂና አንድ አጭር ማስታወሻ ላኪ። «ገና ትንሽ ይቀርሻል» ካሉሽ የትኛው ባግ ላይ ምን እንደጎደለ ጠይቂ፣ ሌላ አምስት ሠርተሽ ተመለሺ።

የፓወር ግዕዙን ማብራሪያ ስትጽፊ አማርኛውን ለእኔም ላኪልኝ። በብዕር ስምሽ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ። ከደሴ እስከ ወልድያ ያለ ጽሕፈት ቤት ሁሉ የሚቸገርበት ነገር ነው።